አሮጌውን ሞተር ማቆየት ወይስ መለወጥ? ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ መንገደኛ

ደጋውንና ቆላውን በአንድ ቀን የሚያካልል የግብርና ባለሙያ፣ የጤና ሠራተኛ ወይም ገበያ ለገበያ የሚዞር ነጋዴ ሞተሩ ማርጀት ሲጀምር ሁለት ሐሳብ ይይዘዋል፦ ሸጬ ልጨምርበት ወይስ አድሼ ልንዳው? ብዙ ሰው መልሱን ከሞተሩ ዕድሜ ይፈልጋል። እኔ ግን ዕድሜውን መጨረሻ ላይ ነው የማየው። ኢንጂን ይታደሳል፤ የተጣመመ ሻንሲና የተበላሸ ወረቀት ግን መካኒክ አያድናቸውም። ስለዚህ ምርመራው ከወረቀቱ ይጀምር።

ሊብሬውን ያውጡና የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ብረቱ ላይ ከተቀረጸው ጋር ያመሳክሩ። በተለይ ያማሃ ዲቲ ወይም ኤጂ ከሆነ ታሪኩን ይጠይቁ፤ የመሥሪያ ቤት ወይም የእርዳታ ፕሮጀክት ንብረት ሆነው ኖረው በጨረታ ወደ ግለሰብ የዞሩ አሉና። ከቀረጥ ነፃ የገባ ሞተር ቀረጡ ሳይከፈል ስሙ አይዛወርም። ስሙ በእርስዎ ካልሆነ ለማቆየትም ለመሸጥም መጀመሪያ የስም ዝውውሩን ይጨርሱ። መጨረስ ካልተቻለ ትልቅ ገንዘብ አያፍስሱበት፤ ጎማና ዘይት እየቀየሩ እስከሚችለው ይንዱት።

ቀጥሎ ሻንሲው። ሞተሩን አጥበው በጠራ ፀሐይ ይዩት። ከመሪው አንገት ሥር፣ የኋላ እግሩ ከሻንሲው ጋር በሚያያዝበት ቦታና በዕቃ መጫኛው ዙሪያ ስንጥቅ፣ ያበጠ ቀለም ወይም የብየዳ ጠባሳ ይፈልጉ። ሁለት ሰው ከእህል ጋር ሲሸከም የኖረ ሞተር የሚጎዳው እዚያ ነው። ከዚያ ረጠብ ባለ ሜዳ ላይ ቀጥ ብለው በዝግታ ይንዱና ወርደው ዱካውን ይመልከቱ። የኋላው ጎማ የፊተኛውን ዱካ ካልረገጠ የካቴናውን ማስተካከያ ግራና ቀኝ እኩል አድርገው ይድገሙት። አሁንም ሁለት መስመር ከሠራ ሻንሲው ወይም የኋላ እግሩ ተጣሟል። የመሪው አንገት የተበየደ ሞተርን ማንም ቢያሞግስልዎ የጨጨሆን ቁልቁለት አይውረዱበት፤ ይህ ብቻውን ለመለወጥ በቂ ምክንያት ነው።

በጋይንት ሰው በብዛት የሚሳሳተው አቅም ላይ ነው። «ሞተሬ ዳገት አልወጣ አለኝ» ብሎ የሚሸጥ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ደህና ሞተር ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየር ይሳሳል፤ ኢንጂኑም በየ1000 ሜትሩ ከአቅሙ አሥር በመቶ ያህል ያጣል። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ንፋስ መውጫ ከ3000 ሜትር በላይ ናት፤ የጉና ጫፍ ደግሞ ከ4100 ሜትር ያልፋል። ካርቡራተር ያለው ሞተር ሌላም ጣጣ አለበት፦ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ይበዛበታል። ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ዳገት ላይ ያንቀዋል። አዲስ 100 ሲሲ ሞተር ቢገዙም የአየሩ ዕዳ አይቀርልዎትም።

ለመለየት መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን ያጽዱና ካንዴላ ይቀይሩ። ከዚያ ሞተሩን ወደ ወረታ ወይም ወደ ስማዳ ቆላ ይዘው ይውረዱ። ታች ጎብዞ ደጋ ላይ የሚደክም ከሆነ ጉዳዩ የአየርና የካርቡራተር ነው። ታችም ከደከመ ፒስተንና ፋሻ ይጠርጥሩ። የካርቡራተሩ ከሆነ መካኒኩ የመርፌዋን ቅንጥብ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጎ መርፌዋን ዝቅ ቢያደርጋት ቤንዚኑ ይቀንሳል። ከአንድ ደረጃ በላይ ግን አይፍቀዱለት። ለንፋስ መውጫ ስስ አየር ተብሎ ቤንዚኑ በጣም የተቀነሰ ሞተር ዓባይ በረሃ ሲወርድ ቤንዚን ያንሰውና ይግላል፤ ባለ ሁለት ምት ከሆነ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ሊነክስ ይችላል።

የኢንጂን እርጅና ከጭሱ ይታወቃል። ባለ አራት ምት ሞተር ጋዝ ሲሰጡት ሰማያዊ ጭስ ያለማቋረጥ የሚተፋ ከሆነ ፋሻው አልቋል። ረጅም ቁልቁለት ወርደው ጋዝ ሲከፍቱ አንዴ ብቻ ቡፍ ካለ የቫልቭ ጎሚኒ ነው፤ ይህ ቀላል ነው። እንደ ዲቲ 125 ያለ ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት አብሮ ስለሚያቃጥል ጭሱ ብቻ አያስፈርድበትም። የማርሽ ዘይቱ ውጭ ሳይንጠባጠብ የሚቀንስ ከሆነ ግን የጎን ጎሚኒው ዘይቱን ወደ ኢንጂኑ እያሳለፈው ነው። ባለ ሁለት ምት የሚነዳ ሰው በረጅም ቁልቁለት ጋዙን ሙሉ በሙሉ ዘግቶ አይውረድ፤ ኢንጂኑ እየተሽከረከረ ዘይት ያንሰዋል። በየመሐሉ ጥቂት ጋዝ ይስጠው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የድሮ የመለዋወጫ ዋጋ መነሻ አይሆንም። ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ደውለው ፒስተን ከነፋሻው፣ የፍሪሲዮን ሸራ፣ ካቴና ከነጥርሱ፣ ኩሽኔታና ጎማ ዛሬ ስንት እንደሆኑና በእጅ መኖራቸውን ይጠይቁ። «እናስመጣልሃለን» የሚል መልስ «የለም» ማለት እንደሆነ ይቁጠሩት። የቶርኖና የእጅ ዋጋ ይጨምሩበት። ወረቀቱና ሻንሲው ደህና ሆኖ የማደሻው ድምር ሞተሩ ታድሶ ከሚያወጣው ዋጋ ግማሽ ካላለፈ ያቆዩት። ግማሹን ካለፈ፣ ወይም ዕቃው የሚገኘው ከአሮጌ ሞተር ተፈትቶ ብቻ ከሆነ፣ ሳይፈርስ እየተነዳ ይሽጡት። የተፈታ ሞተር በገበያ ላይ ዋጋው ይወድቃል።

የሚገዙትን ሲመርጡ መንገድዎን ይዩ። አብዛኛው ጉዞዎ ከደብረ ታቦር ወደ ንፋስ መውጫና ጋሸና በሚሄደው አስፋልት ላይ ከሆነ ቦክሰር ወይም ቲቪኤስ ቤንዚን ይቆጥባል፣ መለዋወጫውም በቅርብ ይገኛል። ከአስፋልቱ ወርደው በአርብ ገበያ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ ቀበሌዎች ድንጋይና ጭቃ ላይ የሚውሉ ከሆነ ግን የዲቲ 21 ኢንች የፊት ጎማና ከፍ ያለ ቁመና በ17 ኢንች የመንገድ ጎማ አይተካም። ለዚህ ነው አሮጌ ዲቲ ያለው ሰው «አዲስ» የሚለው ቃል እንዳያታልለው የምመክረው። የኤሌክትሪክ ሞተር ለከተማ ውስጥ ሥራ ይሆናል፤ ባትሪው ቆላ ወርዶ ጭነት ይዞ ለመመለስ ማስቻሉን ሳያዩ ግን ለስማዳ መንገድ አይግዙ። በጸጥታ ምክንያት የሞተር እንቅስቃሴ የሚታገድበት ጊዜም ስላለ፣ ከመበደርዎ በፊት በሚሠሩበት ወረዳ ያለውን ሁኔታ ያጣሩ።

ክፍያ ሳይፈጽሙ ደግሞ አዲሱን ሞተር ሁልጊዜ በሚጭኑት ጭነት በሚከብድዎ ዳገት ላይ ያውጡት፤ መሐል ላይ አቁመው እንደገና ያስነሡት፤ ሲመለሱም ፍሬኑን በቁልቁለቱ ይፈትኑ። ሻጩ ይህን የማይፈቅድ ከሆነ ወደ ሌላ ሻጭ ይሂዱ።