ጤፍና ስልክ፦ ዋጋ መቀነስ የሚያዋጣው መቼ ነው?

እህል በረንዳ የሚነግድ ሰው አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል። የጤፍ ዋጋ በኩንታል ቢወርድ የቤት እመቤቷ ከለመደችው እጥፍ አትሸምትም፤ ሆድ ልክ አለውና። ሲወደድም ቢሆን ከሌላ ወጪዋ ቀንሳ ትገዛለች እንጂ እንጀራን አትተውም። የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ይህን «የማይለጠጥ ፍላጐት» ይሉታል። በእንዲህ ያለ ሸቀጥ ላይ ዋጋ ከወረደ የሻጩ ገቢም አብሮ ይወርዳል። ምርት በተትረፈረፈበት ዓመት ገበሬው የሚጐዳውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ስልክስ እንደ ጤፍ ነው ወይ? ጥያቄው የቀረበው ለወይዘሮ ፍሬሕይወት ታምሩ ነበር። ወይዘሮ ፍሬሕይወት በ2010 ዓ.ም. ክረምት ዶክተር አንዱዓለም አድማሴን ተክተው የኢትዮ ቴሌኮም ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሲሆኑ ለቦታው የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ወንበሩን በያዙ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በነሐሴ ወር፣ ድርጅቱ የሞባይል ጥሪን ዋጋ በ40 በመቶ፣ የሞባይል ኢንተርኔትን በ43 በመቶ ቀነሰ። በወቅቱ ገበያው ላይ ሌላ ሻጭ አልነበረም። ብቸኛ ሻጭ በገዛ ፈቃዱ ዋጋ ሲቀንስ ብዙ ጊዜ አይታይም። ይሁን እንጂ መንግሥት ዘርፉን ለግል ባለሀብት እንደሚከፍት ቀደም ብሎ አስታውቆ ስለነበር፣ ቅናሹን ተፎካካሪ ከመምጣቱ በፊት ደንበኛን የማሰር ዘዴ አድርጎ መመልከት ይቻላል። ሳፋሪኮም አገልግሎት የጀመረው ከ4 ዓመት በኋላ፣ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው።

ውጤቱ ምን ሆነ? በ2011 በጀት ዓመት 36.3 ቢሊዮን ብር የነበረው ገቢ በቀጣዩ ዓመት 47.7 ቢሊዮን ደረሰ። በ2011 መጨረሻ 43.6 ሚሊዮን የነበረው ደንበኛ በ2017 መጨረሻ 83.2 ሚሊዮን ሆነ። ስልክ እንደ ጤፍ አይደለም ማለት ነው፤ ሲረክስ ሰው አብዝቶ ያወራል፣ ያልነበረውም ይገዛል።

ለእህል ነጋዴ ደግሞ የስልክ ሒሳብ የንግድ ወጪ ነው። ከጐጃም ወይም ከአርሲ የሚጭን ነጋዴ የግድ አዲስ አበባ አይመጣም። እህሉን ለደላላው ይልካል፤ ደላላው ሸጦ ሒሳቡን ያሳውቀዋል። (ዶክተር እሌኒ ገብረመድህን የእህል ገበያውን ሲያጠኑ ትኩረት የሰጡትም ለዚህ የደላላ ሚና ነው።) ደቂቃው ሲረክስ ጫኙ ሁለትና ሦስት ቦታ ደውሎ ዋጋ ያመሳክራል። ደላላው ለብቻው ያውቀው የነበረው ዋጋ ያን ያህል ምስጢር አይሆንም። በግንቦት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር በበኩሉ ገንዘቡንም በዚያው ስልክ እንዲሄድ አደረገ።

እዚህ ላይ ግን ጠንቃቃ ነጋዴ አንድ ሒሳብ መሥራት አለበት። በ2017 በጀት ዓመት የድርጅቱ ገቢ 162 ቢሊዮን ብር ደርሷል። በ2011 አንድ ዶላር 28 ብር ገደማ ነበር፤ በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ከ110 ብር በላይ ሆነ። ስለዚህ በብር ከ4 እጥፍ በላይ ያደገው ገቢ በዶላር ሲመነዘር ያን ያህል ፈቀቅ አላለም። ይህ የሥራ አስፈጻሚዋ ጥፋት አይደለም፤ ብሩ ነው የረከሰው። ሆኖም ትርፉን በኩንታል መቁጠር የለመደ ሰው የድርጅቱንም ገቢ በኩንታል ቢመዝን አይፈረድበትም።

ይኸው ነጋዴ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የድርጅቱን አክሲዮን እንዲገዛ ተጋብዞ ነበር። 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ እያንዳንዱ በ300 ብር፣ በቴሌብር በኩል ቀረበ። የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህል ብቻ ሲሆን 47,377 ሰዎች 3.2 ቢሊዮን ብር ገደማ አወጡ። ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር፤ ለጅምላ ነጋዴ ቀላል፣ ጆንያ ለሚሸከም ወዛደር ግን ከባድ ገንዘብ ነው። ገንዘብ ያለው ነጋዴም ቢሆን ያመነታበት ምክንያት አለው። መጋዘን ውስጥ ያለ እህል በማግስቱ ይሸጣል፤ አክሲዮኑ በቀረበበት ሰዓት ግን የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ገና ሥራ አልጀመረም ነበርና መልሶ የሚሸጥበት በረንዳ አልነበረውም።