እናት ልታርጥ ስትል ለምን ትጨነቃለች?

የወር አበባ 12 ወር ሙሉ ከቀረ ሴቲቱ አረጠች እንላለን። ብዙዎቹ ከ45 እስከ 55 ዓመታቸው ያርጣሉ።

ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት ሆርሞን የሚባለው፣ ሰውነት ሠርቶ በደም የሚያዞረው ነገር፣ አንዴ ይበዛል፤ አንዴ ያንሳል። የወር አበባዋ ይዛባል። ሌሊት ድንገት ሰውነቷ ይግላል፤ ላብ ያጠምቃታል፤ እንቅልፏ ይጠፋል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ጥቂቱም ነገር ያበሳጨዋል፤ ያስጨንቀዋል።

«ጠባይዋ ከፋ»፣ «ዛር ሰፈረባት» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን የዕድሜ ለውጥ ነው። ስለዚህ ውሃውን እንቅዳላት፤ እንጨቱን እንሸከምላት። ማታ ማታ ቡናው ይቅርባት። ደም ከበዛባት፣ ካረጠች በኋላ ደም ካየች፣ ወይም ጭንቀቱ ከጠናባት ፈጥነን ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰዳት።

ጥያቄ፦ በቤታችሁ የትኛውን ሥራ ታግዟታላችሁ?