ጂንን ወደ ሕዋስ ስለሚያደርሱ ሰው ሠራሽ ፖሊመሮች

በዘንድሮው የባዮሎጂ ትምህርት መምህራችን «ለታመመ ሕዋስ የጐደለውን ጂን ማን ያደርስለታል?» ብለው ጠየቁን። እኔም እጄን አውጥቼ «አጥብቆ የሚይዝ ተሸካሚ ይበቃል» ብዬ መለስሁ። መምህራችን ፈገግ ብለው «መያዙስ ይሁን፤ ማውረዱንስ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አንብቤ የተረዳሁትን እነሆ አቀርባለሁ።

ጂን ማለት የዲኤንኤ ክፍል ነው። ዲኤንኤም ረጅም ክር ሲሆን፥ በላዩ ያሉት ፎስፌቶች ኔጋቲቭ የኤሌክትሪክ ሙል ይሰጡታል። የሕዋስ ሽፋንም ከውጭ በኩል ኔጋቲቭ ስለ ሆነ፥ ሁለቱ ይገፋፋሉ። ስለዚህ ዲኤንኤ ብቻውን ቢላክ ከደጅ ይቀራል፤ በደም ያሉት ኤንዛይሞችም ይቆራርጡታል።

ቫይረሶች ግን ወደ ሕዋስ መግባት ያውቁበታል። ሊቃውንትም በሽታ እንዳያመጡ አድርገው ጂን አሸከሟቸው፤ ዛሬ ከተፈቀዱት የጂን ሕክምናዎች ብዙዎቹ በእነርሱ ይደርሳሉ። ሆኖም ሰውነት ቫይረስን እንደ ጠላት ይቈጥራል። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. በአሜሪካ ጄሲ ጌልሲንገር የተባለ የ18 ዓመት ወጣት በቫይረስ የተጫነ ጂን በተሰጠው በ4 ቀን ሞተ። በክፍላችን የዚህ ዕድሜ ተማሪዎች ስላሉ፥ ይህን ሳነብ እጅግ አዘንሁ።

ስለዚህ ሌላ ተሸካሚ ተፈለገ። ፖሊመር ማለት ትንንሽ ሞለኪውሎች እንደ ዶቃ ተያይዘው የሚሠሩት ሰንሰለት ነው። በ1995 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር ዣን ፖል ቤርና የሥራ ጓደኞቹ ፖሊኤቲሊንኢሚን በተባለው ፖሊመር ጂን ወደ ሕዋስ እንደሚገባ አሳዩ። የፖሊመሩ ፖዘቲቭ ሙል ዲኤንኤን ይስበዋል፤ ፈትል በልቃቂት እንደሚጠቀለል፥ ክሩ ተሰብስቦ የሚሊሜትር ዐሥር ሺህኛ ያህል ጥቅል ይሆናል። ሕዋሱም ጥቅሉን በትንሽ ከረጢት ይውጠዋል። ከረጢቱ ውስጥ አሲድ ሲበዛ ፖሊመሩ አሲዱን እየመጠጠ ውሃ ያስገባል፤ ከረጢቱም ተነፍቶ ይፈነዳል ይላሉ። በዚህ አሳብ ግን ዛሬም የሚከራከሩ አሉ።

ችግሩ ይህ ነው፤ ረጅሙ ሰንሰለት ጂኑን ደኅና ያደርሳል፥ ነገር ግን የሕዋሱን ሽፋን ይጐዳል፤ አጭሩ ጉዳቱ ያንሳል፥ ሥራውም ይደክማል። ደግሞም ፖሊመሩ ጂኑን ካለቀቀው ጂኑ አይነበብም። ስለዚህ በ2000 ዓ.ም. በአሜሪካ ዴቪድ ሊንና ሮበርት ላንገር በውሃ ቀስ በቀስ የሚበጣጠስ ፖሊመር ሠርተው አቀረቡ። የሰንሰለቱ ማያያዣ ኤስተር ስለ ሆነ፥ ውሃ ይፈታዋል።

ለአጎቴ ይህን ባጫወትኋቸው ጊዜ አልተደነቁም። በገበያ ቀን አህያ ሲጭኑ፥ ገመዱን ሲስቡት በሚፈታ ቋጠሮ ያስራሉ። «ልጄ፤ ጭነት የሚጫነው ሊወርድ ነው» አሉኝ።

የመምህሬ ጥያቄ ያን ጊዜ ገባኝ። እንግዲህ ጓደኞቼ፤ አጥብቆ የሚይዝ፥ በጊዜውም የሚለቅ፥ ተሸካሚውንም ተቀባዩንም የማይጐዳ ቋጠሮ ገና እየተፈለገ ነውና፥ ኬሚስትሪን በትጋት እንማር።