አልነሳ ያለ ኮምፒዩተር፦ እስከ የት ደርሶ ቆመ?

ማብሪያው ተጭኖ በአግባቡ ሥራ ያልጀመረ ኮምፒዩተር ሲገጥመን ብዙዎቻችን «ምኑ ተበላሸ?» ብለን እንጠይቃለን። ሊበላሹ የሚችሉት ክፍሎች ብዙ ስለሆኑ ጥያቄው ቶሎ መልስ አያገኝም። «እስከ የት ደርሶ ቆመ?» ብንል ግን ፍለጋው ይጠብባል። በደቡብ ወሎ አርዲቦ ሐይቅ ከፍ ብሎ፣ በሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለው ሐይቅ ደግሞ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ከአርዲቦ የሚወጣው ውኃም በወንዝ ወደ ታችኛው ይወርዳል። ታች ሆኖ ውኃ ያነሰበት ሰው ወንዙን ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣል። እኛም በኮምፒዩተሩ ውስጥ የኤሌክትሪክን መንገድ እንዲሁ እንከተላለን።

ለዚህ ትምህርት መነሻ የሆነን ከአርዲቦ ብዙም በማይርቅ አንድ ትምህርት ቤት የገጠመን ጉዳይ ነው። ከክረምቱ ዕረፍት በኋላ፣ በመስከረም፣ የሪከርድ ክፍሉ ኮምፒዩተር አልነሳም አለ። የበርካታ ዓመታት የተማሪዎች ውጤት በእርሱ ውስጥ ብቻ ተቀምጧል፤ ትራንስክሪፕት የሚጠብቁ ተማሪዎችም በር ላይ ቆመዋል። ሁለት ጊዜ አስተካክሎት የነበረ ጠጋኝ በሦስተኛው «ሃርድ ዲስኩ አልቋል፤ ፎርማት ይደረግ» ብሎ ነበር። ፎርማት ቢደረግ ኖሮ ውጤቱ ሁሉ በጠፋ ነበር።

የመጀመሪያው ደረጃ የኃይል አቅርቦት ነው። ፓወር ሰፕላዩ 220 ቮልቱን ተቀብሎ ወደ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ዲሲ ይለውጣል። ቮልቴጆቹ ሲረጋጉ ብቻ «ዝግጁ ነኝ» የሚል ምልክት ወደ ማዘርቦርዱ ይልካል፤ ምልክቱ ካልደረሰ ፕሮሰሰሩ ሥራ አይጀምርም። ማራገቢያው ለቅጽበት ዞሮ የሚቆም ከሆነ እዚህ ላይ እንጠርጥር፤ በማዘርቦርዱ ላይ አናታቸው ያበጠ ካፓሲተሮች መኖራቸውንም እንይ። የፓወር ሰፕላዩን ሣጥን ግን አንባቢ እንዳይከፍት አጥብቀን እንመክራለን። የ220 ቮልት ጫፍ 311 ቮልት ገደማ ነው። 330 ማይክሮፋራድ የሆነ ካፓሲተር በዚህ ቮልቴጅ ሲሞላ ወደ 16 ጁል ይይዛል፤ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ለጊዜው ሊያቆየው ይችላል።

ተነስቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚጠፋ ኮምፒዩተር በአብዛኛው ሙቀት በዝቶበታል። ከ2,000 ሜትር በላይ በሆኑ ደጋማ ቦታዎች የአየሩ ጥግግት በባሕር ወለል ካለው አራት አምስተኛ ገደማ ስለሆነ፣ ያው ማራገቢያ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። አቧራውን መጥረግ እዚያ የበለጠ ይጠቅማል።

ሁለተኛው ደረጃ ባዮስ የሚያካሂደው ፍተሻ ነው። ራም ወይም የምስል ካርድ ከጎደለ ስክሪኑ ይጨልማል፤ ኮምፒዩተሩም እንደ አሠራሩ በተለያየ የጢጥታ ድምፅ ይናገራል። ራሙን ነቅሎ፣ የብረት ጫፉን በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብሎ አሽቶ መመለስ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሦስተኛው ደረጃ ዊንዶውስ ከሃርድ ዲስኩ የሚነሳበት ነው።

ወደ ትምህርት ቤቱ እንመለስ። ማራገቢያው ዞረ፤ አንድ አጭር ጢጥታ ተሰማ፤ የዊንዶውስ ምልክት ታየ፤ ሰማያዊ ስክሪን ብልጭ ብሎ ኮምፒዩተሩ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ስለዚህ ኃይሉም፣ ፕሮሰሰሩም፣ ምስሉም ደህና ናቸው። ከማንኛውም ሥራ በፊት ሃርድ ዲስኩን ነቅለን ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር አገናኘነውና የተማሪዎቹን ፋይሎች ገለበጥን። ያለ ችግር ተነበበ። «አልቋል» የተባለው ዲስክ አላለቀም ማለት ነው።

የሪከርድ ሠራተኛዋ በዚህ መካከል «ዶክተር፣ ተሠርቶ ቀኑን ሙሉ በደህና ይውላል፤ ጠዋት ስመጣ ግን ሁሉንም ረስቶታል» አሉን። ከዚያ ቀን ንግግሮች ሁሉ ይበልጥ የጠቀመን ይህ ነበር። ወደ ባዮስ ገብተን ቀኑን ስናይ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሷል፤ የፈረንጅና የኢትዮጵያ አቆጣጠር ልዩነትም አልነበረም።

በማዘርቦርዱ ላይ 20 ሚሊሜትር ስፋት ያላት ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ አለች። ሰዓቱንና የባዮስ ምርጫዎችን የምታቆየው እርሷ ናት። ነገር ግን ገመዱ ከሶኬት ጋር እስከተያያዘ ድረስ፣ ኮምፒዩተሩ ቢጠፋም እንኳ፣ ፓወር ሰፕላዩ የ5 ቮልት ተጠባባቂ ኃይል ስለሚሰጥ ባትሪዋ ታርፋለች። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ለጥንቃቄ ሲል ዋናውን ብሬከር ማታ ማታ፣ በክረምትም ወራቱን ሙሉ ያጠፋል። 220 ሚሊአምፒር ሰዓት የምትይዝ ባትሪ ለሰዓቱ 5 ማይክሮአምፒር ብትሰጥ 44,000 ሰዓት፣ ማለትም አምስት ዓመት ያህል ትቆያለች። የእኛዋ ዕድሜዋን ጨርሳለች።

ባትሪዋ ስትደክም ባዮስ ወደ ፋብሪካ ምርጫው ተመለሰ። ከምርጫዎቹ አንዱ ከሃርድ ዲስኩ ጋር የሚነጋገርበት ስልት ነው፤ ዊንዶውስ የተጫነው በአንዱ ስልት ሲሆን ባዮስ ወደ ሌላው ዞረ። ጠጋኙ ሁለት ጊዜ ምርጫውን በትክክል መልሶታል፤ ለምን እንደሚጠፋ ግን አልጠየቀም።

ግምታችንን በሙከራ ፈተንነው። ምርጫውን አስተካክለን፣ ኮምፒዩተሩን አጥፍተን፣ ገመዱን ሳንነቅል አሥር ደቂቃ ቆየን፤ በደህና ተነሳ። ቀጥሎ አጥፍተን ገመዱን ነቀልንና አሥር ደቂቃ ጠበቅን፤ ቀኑ ጠፋ፤ ሰማያዊው ስክሪንም ተመለሰ። በሁለቱ ሙከራዎች መካከል የተለወጠው ገመዱ ብቻ ነው። በመልቲሜትር ስንለካትም ባትሪዋ 2 ቮልት እንኳ አልሞላችም።

አዲስ ባትሪ ከሰዓት መሸጫ ተገዛ። በዚያ ምሽት ብሬከሩ እንደ ልማዱ ጠፋ፤ በማግሥቱ ጠዋት ቀኑ ትክክል ነበር፤ ዊንዶውስም ተነሳ። ከእኩለ ቀን በፊት የትራንስክሪፕቱ ኅትመት ተጀመረ። ይህችም ባትሪ ከዓመታት በኋላ ማለቋ ስለማይቀር፣ የገባችበትን ቀንና ትክክለኛውን የዲስክ ምርጫ በወረቀት ጽፈን በኬዙ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጥፈናል። የፋይሎቹን ግልባጭ የያዘው ፍላሽ ደግሞ በርዕሰ መምህሩ መሳቢያ ተቆልፎበታል።