ስሟን የረሳችው ባኪታ

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት የቅድስት ጆሴፊን ባኪታን ታሪክ ነው።

ባኪታ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1869 አካባቢ በጎረቤታችን ሱዳን፣ ዳርፉር ውስጥ ነው። ገና ልጅ ሳለች ባሪያ ፈንጋዮች ወሰዷት። ከድንጋጤዋ የተነሳ እናትና አባቷ ያወጡላትን ስም ረሳችው። ባኪታ ያሏት እነሱ ናቸው፤ በዐረብኛ «ዕድለኛ» ማለት ነው። እስቲ አስቡት፣ ከእናቷ ነጥቀው ዕድለኛ ሲሏት!

ከዚያ ብዙ ጊዜ ተሸጠች። አንዷ እመቤቷ ገላዋን በምላጭ አስበጥታ፣ ጠባሳው እንዳይጠፋ ቁስሉ ላይ ጨው አስነሰነሰችበት። ጠባሳዎቹ 114 ነበሩ። እዚህ ጋ ስደርስ ማንበቤን አቁሜ ውጪ ወጣሁ።

በ1885 ጣሊያን አገር ተወስዳ የአንድ ቤተሰብ ሞግዚት ሆነች። በኋላ ከምትጠብቃት ሕፃን ጋር ቬኒስ ከተማ መነኮሳት ዘንድ ተቀመጠች። ባኪታ ልጅ እያለች ጨረቃንና ከዋክብትን እያየች «የዚህ ሁሉ ጌታ ማነው?» ትል ነበር። መልሱን ያገኘችው እዚያ ነው። እግዚአብሔርን «ፓሮን» ብላ ትጠራው ጀመር፤ በአካባቢው ቋንቋ ጌታ ማለት ነው። እኛስ ብንሆን አሽከር ያለውንም ሰው፣ እግዚአብሔርንም «ጌታ» አይደል የምንለው? እሷ ግን የሚገርፉ ጌቶችን አይታ ነው ይህን ቃል የመረጠችው።

እመቤቷ ልትወስዳት ስትመጣ ባኪታ «አልሄድም» አለች። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰና ኖቬምበር 29 ቀን 1889 ነፃ ናት ተባለ። በቀጣዩ ዓመት ጃንዋሪ ላይ ተጠመቀች። በ1896 ደግሞ የምንኩስና ቃል ኪዳን ገባች።

ከዚያ በኋላ ስኪዮ በምትባል ከተማ ምግብ ስታበስል፣ ስትጠልፍ፣ በር ስትከፍት ኖረች። በቃ፣ ሥራዋ ይኸው ነው። በሩን አልፈው ለሚገቡ ሕፃናት ራሳቸው ላይ እጇን ታሳርፍ ነበር። የከተማው ሰው «ጥቁሯ እናት» ይላታል። የሰረቋትን ሰዎች ባገኛቸው ተንበርክኬ እጃቸውን እስማለሁ ብላለች። እውነቱን ለመናገር ይሄ ለኔ ይከብደኛል። እኔ እኮ መቅረጫዬን የወሰደብኝን ልጅ እስካሁን አላናግረውም።

ባኪታ በ2000 ቅድስት ተብላለች። የሞተችበት ፌብሩዋሪ 8 በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ስለ ሰው ንግድ ሰለባዎች የሚጸለይበት ቀን ነው። በ1947 ልትሞት ስታጣጥር፣ ነፃ ከወጣች ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኗት ሳለ፣ የምታስታምማትን ሴት «ሰንሰለቱን አላሉልኝ፣ ከበደኝ» እያለች ትለምናት ነበር።