ቀልድና ጃሂሊያ



በደብረ ታቦር ገበያ ገዢው ጋቢውን ያገላብጣል፤ ዋጋው አልጥም ሲለው ሸማኔውን «አደራ፣ በዓይንህ እንዳትበላኝ!» ይለዋል። በዙሪያው ያለው ይስቃል። ሸማኔውም ይስቃል፤ ባይስቅ «ቀልድ አያውቅም» ሊባል ነውና።

ይህ ቀልድ ሥር አለው። በጎንደር አገር ሙስሊሙ ለረጅም ዘመን ከርስት ተገልሎ በሽመናና በንግድ ኖሯል፤ ቤተ እስራኤሎች ደግሞ በብረትና በሸክላ ሥራ። ልብሱም፣ ማረሻውም፣ ማሰሮውም ከእነርሱ እጅ እየተገዛ ስማቸው ግን «ቡዳ»፣ «ጠይብ»፣ «ቁጢት በጣሽ» ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብ በአዋጅ ከለከሉ። ስድቡ ግን አልሞተም፤ ቀልድ ለብሶ ገበያ ወጣ።

እኛስ? ያ ሸማኔ ወደ ቤቱ ሲመለስ ዕቃውን የተሸከመለትን ጠቆር ያለ ሰው በመልኩ እየጠራ የሚያሾፍበት ከሆነ፣ የደረሰበትን ስድብ ለሌላው አሳለፈው እንጂ አልጠላውም።

ታላቁ ሰሃባ አቡ ዘር (ረ.ዐ) በአንድ ወቅት ተቆጥተው አንድን ሰው በእናቱ አነወሩ። በስፋት እንደሚተረከው ሰውየው ሐበሻው ቢላል (ረ.ዐ) ነበሩ፤ ነውር የተባለውም የእናታቸው ጥቁረት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነገሩን በዋዛ አላለፉትም፤ በአቡ ዘር ውስጥ ገና ጃሂሊያ እንዳለ በግልጽ ነገሯቸው። ቡኻሪ እንደዘገቡት፣ ኋላ አቡ ዘር ከአገልጋያቸው ጋር አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው ታዩ፤ ምክንያቱን ሲጠየቁም ያንን ቀን አነሱ። ተውበታቸው በአፍ ብቻ አልቀረም።

ታዲያ እስልምና ቀልድን ይጠላልን? አይጠላም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዛሂር የሚባል መልኩ የማያምር የገጠር ወዳጅ ነበራቸው። አንድ ቀን ገበያ ላይ ዕቃውን ሲሸጥ ሳያያቸው ከኋላው አቀፉትና ይህን ባሪያ ማን ይገዛኛል እያሉ ቀለዱ። ዛሂር ማን እንደሆኑ ሲያውቅ ጀርባውን ደረታቸው ላይ አስጠጋ፤ እርሱን የሚሸጥ ብዙ እንደማያተርፍም ተናገረ። እርሳቸው ግን በአላህ ዘንድ ርካሽ እንዳልሆነ ነገሩት።

መለኪያው ይኸው ነው። ቀልዱ ሲያበቃ የተቀለደበት ሰው ከፍ አለ ወይስ ዝቅ? ሱረቱል ሁጁራት ሕዝብ በሕዝብ ላይ እንዳይሳለቅ የሚከለክለው፣ የተሳቁበት ከሳቁት ሊበልጡ ስለሚችሉ ነው።

በአንድ ከተማ ሙስሊምና ክርስቲያን፣ ነጋዴና አራሽ፣ በሠርግም በለቅሶም እንገናኛለን። ስለዚህ በመጪው የገበያ ቀን ሸማኔው ባይስቅ «ቀልድ አያውቅም» አንበል። ቀልዱን እንመርምር። አላህ አንደበታችንን ይጠብቅልን።