«ፈርመሽ ካርዱን መልሺ» ይለኛል

ይድረስ ለእትዬ፣

የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ ዕድሜዬ 31 ነው። የምጽፍልዎት ከሐርጌሳ ነው። የአሜሪካ ዜግነት ያለው ኢትዮጵያዊ አግብቼ ሚኒያፖሊስ ገባሁ፤ የተሰጠኝም የሁለት ዓመት ግሪን ካርድ ነው። ኑሯችን ከመጀመሪያውም አልሰመረም። ደመወዜ የሚገባው እሱ ብቻ በሚያዝበት ሒሳብ ነበር። ትንሽ ከተናገርኩ «ነገ አገርሽ አስመልስሻለሁ» ይለኛል። እጁን ግን አንስቶብኝ አያውቅም።

እናቴ ስትታመም «ሄደሽ ጠይቂያት» ብሎ ቲኬት ቆረጠልኝ። ድሬዳዋ ከገባሁ በኋላ የመመለሻውን ሰረዘው፤ ቀጥሎም በስልክ «ፈትቼሻለሁ» አለኝ። እናቴ ሲሻላት ሐርጌሳ ሱቅ ያለው ወንድሜ ዘንድ መጣሁ። አሁን አንድ የግል ትምህርት ቤት የሁለት ዓመት ኮንትራት ሊያስፈርመኝ ነው። ከአሜሪካ ከወጣሁ 8 ወር ሆነኝ፤ የካርዱ ጊዜ ሊያበቃ 5 ወር ቀርቶታል። ሰሞኑን ባሌ አንድ ፎርም ልኮ «ፈርመሽ ካርዱን መልሺ፤ ፍቺውን በሰላም እንጨርሳለን» ይለኛል። ወንድሜ «ፈርሚና ተገላገይ» ሲል እህቴ ደግሞ «አሜሪካን የመሰለ አገር ይተዋል?» ትላለች። እኔ መመለስ መፈለጌን እንኳ አላውቅም። የማውቀው «አባረራት» መባልን እንደምፈራ ነው። ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባኝ፣ ከሐርጌሳ

መልስ

እህቴ፣ እናትሽ እንኳን ተሻላቸው። ከሁሉ በፊት ግን፦ አሁን ምንም ነገር እንዳትፈርሚ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው እንዲህ ላለው ጊዜ ነው።

የላከልሽ ፎርም አይ-407 የሚባለው ይመስለኛል። «ቋሚ ነዋሪነቴን በፈቃዴ ትቻለሁ» ማለት ነው፤ በፈቃድሽ ካልሆነ ደግሞ ማንም ሊያስፈርምሽ አይችልም። ነዋሪነቱ በእሱ በኩል ይምጣ እንጂ ያንቺ ነው፤ በስልክ ቁጣ አይሰረዝም። እሱ ሊነፍግሽ የሚችለው ኋላ በማነሣው የጋራ ማመልከቻ ላይ የሚያስፈልገውን ፊርማውን ብቻ ነው።

ለምን እንደቸኮለ የልቡን አላውቅም። አንድ ነገር ግን እወቂ። አንቺን ሲያስመጣ አይ-864 በሚባል ቅጽ ሊደግፍሽ ለመንግሥት ፈርሟል። ይህ ግዴታ በፍቺ አይወርድለትም። የሚያበቃው ዜጋ ስትሆኚ፣ ወደ 10 ዓመት ገደማ የሚሆን ሥራ ሲመዘገብልሽ፣ ከሁለት አንዳችሁ ስትሞቱ ወይም ነዋሪነትሽን ትተሽ አገሩን ስትለቂ ነው። ስለዚህ ያንቺ ፊርማ ለእሱም ዕረፍት ነው፤ አስቦበትም ይሁን ሳያስብበት።

አሁን ቀኖቹን እንቁጠር። 6 ወር ስላለፈሽ ስትገቢ የኤርፖርቱ መኮንን «የት ቆየሽ? ኑሮሽ የት ነው?» ብሎ ሊጠይቅሽ ይችላል። ውጭ 1 ዓመት ሲሞላሽ ካርዱ ብቻውን አያስገባሽም። የመመለሻ ፈቃድ የሚባለውን ወረቀት ለማመልከት ደግሞ እዚያው አሜሪካ መገኘት ያስፈልጋል። ከዓመት በኋላ የሚቀርልሽ የተመላሽ ነዋሪ ቪዛ ነው፤ ይህም ከአቅሜ በላይ በሆነ ምክንያት ቀረሁ ብለሽ በማስረጃ የምትከራከሪበት ከባድ መንገድ ነው። ሐርጌሳ የአሜሪካ ኤምባሲ ስለሌለም አዲስ አበባ መውረድ ሊኖርብሽ ነው። እህትሽ የካርዱን 5 ወር እየቆጠረች ከሆነ ንገሪያት፤ አስቀድሞ የሚደርሰው 4 ወር የቀረው ዓመቱ ነው።

የሁለት ዓመት ካርድ ያለው ሰው አይ-751 የሚባለውን ማመልከቻ ካላስገባ ነዋሪነቱ በጊዜው ያበቃል። ባልና ሚስት በጋራ የሚያስገቡት ካርዱ ከማብቃቱ በፊት ባሉት 90 ቀኖች ውስጥ ነው። ትዳሩ ከፈረሰ ግን ብቻሽን ማመልከት ትችያለሽ፤ 90 ቀኑንም መጠበቅ የለብሽም። ትዳሩ ለወረቀት ሳይሆን ከልብ የተመሠረተ እንደነበረ ማሳየት ይጠበቅብሻል። በፍቺ ምክንያት ካመለከትሽ የፍርድ ቤት ውሳኔ ያስፈልግሻል፤ በስልክ «ፈትቼሻለሁ» መባል አይበቃም። በሚኒሶታ ሕግ ከሁለት አንዳችሁ 180 ቀን እዚያ ከኖራችሁ መዝገብ ይከፈታል፤ ስለዚህ የእሱ እዚያ መኖር ይበቃል፤ ከሳሿም አንቺ መሆን ትችያለሽ።

«እጁን አላነሳብኝም» ያልሽውን ደግሞ እንደገና እንየው። በደል ለደረሰበት የትዳር ጓደኛ ሕጉ ሌላ በር ከፍቷል፤ በዚያ በር ለመግባት ፍቺው እስኪያልቅ መጠበቅ ግድ አይደለም። የሚመዘነውም ዱላ ብቻ ሳይሆን ከባድ ጭካኔ ጭምር ነው። ደመወዝሽን መያዙ፣ «አስመልስሻለሁ» እያለ ማስፈራራቱ፣ ቲኬትሽን ሰርዞ እዚህ ማስቀረቱ ለጠበቃ አንድ በአንድ ሊነገሩ ይገባል። ይበቃል አይበቃም የሚለውን ጠበቃው ይመዝነው። በዚህ መንገድ ያቀረብሽውን መንግሥት ለባልሽ አሳልፎ እንዳይሰጥ ሕግ ይከለክለዋል።

የአይ-751 ማመልከቻው ከሐርጌሳም ሊላክ ይችላል፤ ለጣት አሻራና ለቃለ መጠይቅ ግን መመለስ አይቀርም። በጊዜው ካስገባሽ የሚሰጥሽ ደረሰኝ ካርዱን ለ48 ወር ያራዝመዋል። ይህ መራዘም ግን ውጭ ከዓመት በላይ መቆየትን አይሸፍንም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ከዛሬ ጀምሮ ማስረጃ ሰብስቢ፦ የቤት ኪራይ ውል፣ የባንክ ወረቀት፣ አብራችሁ ያሳወቃችሁት ግብር፣ የሠርግ ፎቶ፣ የቲኬቱ መሰረዝ፣ የእናትሽ የሐኪም ወረቀት፣ የላከልሽ መልእክቶች በሙሉ። ስልክሽ ቢጠፋ እንዳይጠፉ ሌላ ቦታም አስቀምጫቸው። የአሜሪካ ግብር ስታሳውቂ ራስሽን «ነዋሪ ያልሆነ» ብለሽ እንዳታስመዘግቢ። የትምህርት ቤቱን የሁለት ዓመት ውልም አትቸኩዪበት፤ «ኑሮዋን እዚያ መሥርታለች» ለሚል መኮንን ጥሩ ማስረጃ ይሆንለታል። የአንድ ሴሚስተር ውል ጠይቂ። ጉዳይ እንጨርሳለን ከሚሉ ደላሎች ራቂ። ሴንት ፖል ያለው ኢሚግራንት ሎው ሴንተር ኦፍ ሚኒሶታ አቅም ለሌላቸው ስደተኞች በነጻ የሚሠራ የሕግ ድርጅት ነው፤ ከእነሱ ጀምሪ። እነሱ ባይችሉ የት እንደምትሄጂ ጠይቂያቸው።

ይህ ሁሉ ግን መመለስ ከፈለግሽ ነው። ካርዱ የሚሰጠው እዚያ ለሚኖር ሰው ነው። «በዓመት አንዴ ረገጥ አድርጎ መውጣት ይበቃል» የሚባለውን አትስሚ፤ ኑሮሽ እዚህ ከሆነ ጉብኝቱ አያድንሽም። ሚኒያፖሊስ ያለ እሱ ምን ትመስልሻለች? ሥራ፣ ጓደኛ፣ የምታርፊበት ቤት ይኖርሻል? መልስሽ «አዎ» ከሆነ ዓመቱ ሳይሞላ ተመለሺ። «አይ» ካልሽ ደግሞ ፎርሙን ጠበቃ አማክረሽ፣ በራስሽ ቀን ፈርሚው፤ ቅጂውንም ያዢ። ወደፊት ለጉብኝት ቪዛ ስትጠይቂ በአግባቡ የተወ ሰው ታሪኩን ማስረዳት ይቀለዋል።

«አባረራት» ስለሚለው፦ ያለሽበትን ከተማ ጠይቂ። ሐርጌሳ እ.ኤ.አ. በ1988 በቦምብ ፈርሳ፣ ከ1991 ወዲህ ደግሞ ከለንደንም ከሚኒያፖሊስም በተመለሱ ሰዎች ገንዘብና ጉልበት ጭምር የተሠራች ናት። በሐርጌሳ ከውጭ መመለስ በራሱ ውርደት አይደለም። ለሐሜተኛ ብለሽ የማትወጂው አገር አትሂጂ፤ ለባልሽ ብለሽም የምትወጂውን አትተዪ።

ለውሳኔው ለራስሽ አንድ ወር ስጪ፤ ከዚያ በላይ ጊዜ የለሽም። ለባልሽ ግን ዛሬውኑ በጽሑፍ መልሺለት፦ «ፎርሙ ደርሶኛል። ጠበቃ ሳላማክር አልፈርምም። ከአሁን በኋላ የምትለኝን ጻፍልኝ።» በስልክ አትከራከሪው፤ የሚጽፈው ሁሉ ያስፈልግሻል።